የስልሳ ሦስት ቀዳዳዎች ስም ጥሪ

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2003፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ከዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ከተማ፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከጎማ መሸጫ ጀርባ ባለች አንዲት የጥገና ሱቅ ውስጥ የመጀመሪያውን የድሪል ጫፍ ሰበርኩ። እስከ ምሳ ሰዓት ሌሎች አራት ተከተሉት።

የሱቁ ባለቤት ጋሽ ሀብተአብ አምስቱን ስባሪ መዳፋቸው ላይ ደርድረው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

“ሰብለ፣ ቁርስ በልተሻል?”

“በልቻለሁ፣ ጋሼ።”

“ታዲያ ጉልበትሽን ለምን እዚህ ላይ ታወጪዋለሽ? ይኼ ጫፍ ከፀጉር ትንሽ ቢወፍር ነው። ካዘነበለ ያልቅለታል። ቀጥ አድርገሽ አውርጂው፣ ቀጥ አድርገሽ አውጪው። ሌላ ጥበብ የለውም።”

ከሰዓት በኋላ አንድ ብቻ ሰበርኩ።

ጋሽ ሀብተአብ አሥመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ አዲስ አበባ በስልክ ቴክኒሺያንነት፣ ዴንቨር ደግሞ በታክሲ ሾፌርነት የሠሩ ሰው ናቸው። እኔን ያገኙኝ ዳውንታውን ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ላይ ነው። እኔ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ፤ እሳቸው አልነሳ ያለውን የመግቢያ ብረት ሊጠግኑ መጡ። ሲደርሱ የማሽኑን ክዳን ከፍቼ፣ የተነቀለውን ሽቦ አግኝቼ በጣቴ ይዤው ነበር።

“ማን ክፈቺ አለሽ?”

“ማንም። ኤሌክትሮኒክስ ተምሬያለሁ።”

“እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?”

“ቲኬት እቆርጣለሁ።”

ስልክ ቁጥራቸውን በአንዱ ቲኬት ጀርባ ጽፈው ሰጡኝ። ሽቦውንም እኔው እንድበይደው የመበየጃ ካውያቸውን አቀበሉኝ።

ሱቋ የምትኖረው አምራቾቻቸው በረሷቸው ማሽኖች ነበር። የጋራዥ በር፣ የሥጋ ቤት ሚዛን፣ የመኪና ማቆሚያ ማሽን፣ የልብስ ስፌት ማሽን፤ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ተቃጥሎ መለዋወጫው ከገበያ የጠፋ ሁሉ ወደኛ ይመጣል። የተቃጠለውን ቦርድ እየተከተልን መስመሩን በወረቀት እንስላለን። ከዚያ ሁለት ፊቱ መዳብ በለበሰ ባዶ ቦርድ ላይ እናትመዋለን፣ በአሲድ እናጥበዋለን፣ እንበሳዋለን።

ችግሩ የሚጀምረው ከበሳን በኋላ ነው። ቦርዱ ሁለት ፊት አለው። ከላይ የሚሄደው መስመር የሆነ ቦታ ላይ ወደ ታች ወርዶ ከታችኛው መስመር ጋር መገናኘት አለበት። ፋብሪካ የቀዳዳውን ውስጥ በመዳብ ይለብጠዋል። እኛ ያንን የምናደርግበት መሣሪያ አልነበረንም። እያንዳንዱን ቀዳዳ በእጅ ማገናኘት ነበረብን።

ቀላሉ መንገድ ሽቦ ነው። ቀጭን ሽቦ በቀዳዳው ታሳልፊያለሽ፣ በሁለቱም በኩል ታጥፊዋለሽ፣ ትበይጂዋለሽ፣ ትርፉን በመቁረጫ ፒንሳ ታነሺዋለሽ። ጋሽ ሀብተአብ ለዚህ አዲስ ሽቦ አይገዙም ነበር። ቦርድ ላይ ከሚበየዱ ትንንሽ ዕቃዎች የተቆረጡ የብረት እግሮችን በማርማላታ ብርጭቆ ያጠራቅማሉ።

ሽቦ የማይሆንበት ቦታ አለ። ከላዩ ላይ ዕቃ ተኝቶ የሚቀመጥ ከሆነ የታጠፈው ሽቦ ዕቃውን ያነሳዋል። እዚያ ላይ ሪቬት እናስገባለን። የኛ ሪቬት ውስጡ ክፍት የሆነ፣ በአንድ በኩል ከንፈር ያለው ትንሽ የመዳብ ቱቦ ነው። የጫማ ማሰሪያ ቀዳዳ ላይ ያለውን ቀለበት ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የኛው የሰናፍጭ ፍሬ ያህላል።

በወረንጦ ይዘሽ ከላይ ታስገቢዋለሽ። ቦርዱን ገልብጠሽ ከንፈሩን ለስላሳ ብረት ላይ ታሳርፊያለሽ። ጫፉ የሾለውን ዘንግ በቱቦው አፍ አስገብተሽ በትንሽ መዶሻ አንዴ መታ ታደርጊዋለሽ፤ አፉ ይከፈታል። ከዚያ ጫፉ ደንዳና የሆነውን ሁለተኛ ዘንግ ይዘሽ እንደገና መታ፤ የተከፈተው አፍ ታጥፎ ይተኛል። መጨረሻ ላይ በሁለቱም ፊት ዙሪያውን ትበይጂዋለሽ። ቀልጦ የሚያጣብቀውን የመበየጃ ሽቦ እኔ ሶልደር እለዋለሁ። ጋሽ ሀብተአብ እንደ አሥመራ ሰው ስታኞ ይሉታል።

ሁለቱን ዘንጎች ራሳቸው ነበር የሠሯቸው፣ ከተሰበረ የድሪል ጫፍ እግር ሞርደው። በኋላ ሎውሪ ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት በር ላይ ያገለገለ ዕቃ ሲሸጥ የጫማ ሠሪ ፒንሳ አገኙ፣ ቀለበት የሚገጥሙበትን። መንጋጋውን ለሦስት ቀን ሞርደው ለኛ ሪቬት ልክ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ከቦርዱ ጠርዝ አጠገብ ላሉ ቀዳዳዎች መዶሻ አላነሳንም። ፒንሳው መሃል ድረስ አይደርስም ነበር። “እጁ አጭር ነው እንጂ ሥራ አይጠላም” ይሉ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ስም ጥሪ አለ። እያንዳንዱ ቀዳዳ ቁጥር አለው። ጋሽ ሀብተአብ ወረቀቱን ይዘው ይጠራሉ፤ እኔ የቴስተሩን አንዱን መርፌ ከላይ፣ ሌላውን ከታች፣ ሪቬቱ ከመስመሩ የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ አሳርፋለሁ። ቴስተሩ ከጮኸ፣ ማለትም ሁለቱ ፊቶች ከተገናኙ፣ “አቤት!” እላለሁ።

“አሥራ ስምንት?”

“አቤት!”

“አሥራ ዘጠኝ?”

“የለም።”

“ወላጅ ይምጣ!”

ያኔ ካውያው ይነሳል። ጎማ መሸጫ ውስጥ የሚሠሩት ሜክሲካውያን በጓሮ በር ይሰሙናል። አንዱ “አቤት” ማለትን ተምሮ አንዳንድ ቀን ከነሱ ግቢ በኛ ፈንታ ይመልስ ነበር።

ሦስት ዓመት በዚህ ሁኔታ ሠራሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስም ጥሪውን አልፎ የተመለሰ ቦርድ አልነበረም።

በ2006 ከፋሲካ በፊት ወይዘሮ ጽጌ መጡ። ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር የሚኖሩ፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ናቸው። ዳውንታውን አንድ ሆቴል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ክፍል አጽድተዋል። ትከሻቸው ሲብስባቸው ያገለገለ የኮምፒውተር ጥልፍ ማሽን ገዝተው ጋራዣቸው ውስጥ ተከሉ፣ ሆቴሉንም ለቀቁ። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራቸው ለመዘምራን ሃያ ሁለት ቀሚስ መጥለፍ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የማሽኑ ቦርድ ተቃጠለ። ኩባንያው ያንን ሞዴል መሥራት ካቆመ ቆይቷል።

ቦርዱን በፎጣ ጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

“ጋሽ ሀብተአብ፣ እኔ ኖቲስ ሰጥቼ ወጥቻለሁ። ሱፐርቫይዘሬ ደግ ሰው ነው፤ ቦታሽን እስከ መጪው ሳምንት አርብ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሆልድ አደርግልሻለሁ ብሎኛል። ማሽኑ ካልተነሳ እመለሳለሁ። ትከሻዬ ግን አይመለስልኝም።”

“ምን ያህል ቀሚስ ቀረሽ?”

“አሥራ ዘጠኝ። ጸሎት ይዤበታለሁ።”

“ጸሎቱን አንቺ ቀጥዪ። ስታኞውን ለኛ ተዪው።”

“ሁለቱም ከላይ ነው የሚመጣው፣ ጋሼ።”

“የኛው ከታችም ከላይም ነው” አሉና ቦርዱን ገልብጠው አሳዩአቸው። ወይዘሮ ጽጌ ሳቁ። እንደ ገቡ የጨበጡትን የቦርሳ ማንገቻ ያኔ ነው የለቀቁት።

መስመሩን ለመሳል ሦስት ቀን ፈጀብን። ስልሳ ሦስት የሚሻገሩ ቀዳዳዎች ነበሩት። አሥራ ሁለቱ የሚገኙት ሁለት ትልልቅ ቺፖች ከሚቀመጡባቸው ሶኬቶች ስር ነው። ሶኬቱ መሃሉ ክፍት ስለሆነ የቴስተር መርፌ ይገባል። ካውያ ከገባ ግን ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ስለዚህ ደንቡ የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ ሪቬቱ በሁለቱም ፊት ይበየዳል፣ ከዚያ ሶኬቱ ይቀመጣል።

እኔ ደንቡን ገለበጥኩት። አንዱን ሪቬት በይጄ ሶኬቱን ስሞክረው በሶልደሩ ጉብታ ምክንያት ተንጋደደ። አልወደድኩትም። የዚያን ጉብታ በካውያ ጠርጌ አሳሳሁት። የቀሩትን አሥራ አንድ በላይኛው ፊት ሳልበይድ ከንፈራቸውን በደንብ አስተኝቼ ሶኬቶቹን አስቀመጥኩ፤ ከታች ብቻ በየድኩ። ከንፈሩ መዳቡን ይነካል፣ ይበቃል ብዬ አሰብኩ። ጋሽ ሀብተአብ የዚያን ቀን ሚዛን ሊጠግኑ ወጥተው ነበር። ሲመለሱም አልነገርኳቸውም።

ቅዳሜ ስም ጥሪ አደረግን። ስልሳ ሦስቱም “አቤት” አሉ።

ሰኞ ጠዋት ቦርዱን ግሪን ቫሊ ራንች ወስጄ ገጠምኩ። ማሽኑ ተነሳ። ወይዘሮ ጽጌ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው “ጌታ ይመስገን!” አሉ። ቡና ላፍላልሽ ሲሉኝ ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ። ሱቅ ሳልደርስ ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ ጽጌ ናቸው፤ ማሽኑ በሃያ ደቂቃው ቆሟል።

ተመልሼ ቦርዱን አውጥቼ ሱቅ አመጣሁት። ጠራናቸው። ስልሳ ሦስት አቤት።

“ቦርዱ ደህና ነው። ኬብሉን እዪው” አሉ ጋሽ ሀብተአብ።

ማክሰኞ አዲስ ኬብል ይዤ ሄድኩ። ማሽኑ ሃያ አምስት ደቂቃ ሠራ። መርፌው የቀሚሱ አንገት ላይ የወይን ሐረግ እየጠለፈ ነበር። በድንገት ከሐረጉ ወጣና በደረቱ ላይ ቀጥ ያለ ወርቃማ መስመር እስከ ወገብ ሰፋ። ወይዘሮ ጽጌ የማሽኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀሉት።

ቀሚሱን አጣጥፈው ወንበር ላይ አስቀመጡ።

“ሰብለዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይነሳል ወይስ አይነሳም? ተስፋ አድርጌ አርብ ካለፈ ሁለቱንም አጣለሁ።”

“አላውቅም፣ ወይዘሮ ጽጌ። እስከ አርብ አሳውቅዎታለሁ።”

“እሺ። አላውቅም ያለኝ ሰው ይሻለኛል።”

ረቡዕ ጠዋት መልሼ ባመጣሁት ቦርድ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ስም ጥሪ ጀመርን። ሶኬቱ ስር ያሉት ላይ ደርሰናል። ጋሽ ሀብተአብ መጥራት አቆሙ። ቀና ስል ወረቀቱን ትተው እጄን ያያሉ።

“ጥፍርሽ ለምን ነጣ?”

“እ?”

“ጥፍርሽ። ነጭ ሆኗል። ማንን ነው የምታስፈራሪው?”

መርፌውን እየተጫንኩ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። ከሶኬቱ ጠባብ መሃል እንዳይንሸራተትብኝ አጥብቄ እይዛለሁ።

“አንቺ ስትቆሚባቸው አቤት ይላሉ” አሉ። “አለቃ ሲቆም ክፍሉ ሁሉ ጨዋ ነው። አለቃው ሲወጣ ምን ይሆናል? እስቲ ሳትነኪያቸው ጥሪያቸው።”

ከመሳቢያቸው ሁለት ትንንሽ ቆንጣጭ መያዣዎች አወጡ። አንዱን ከላይኛው መስመር ጫፍ ካለ የዕቃ እግር ላይ፣ ሌላውን ከታችኛው መስመር ጫፍ፣ ሁለቱንም ከሪቬቱ አርቀው አስነከሷቸው። ቴስተሩ ጮኸ። በመዶሻው የእንጨት እጀታ ቦርዱን ጠርዙ ላይ ቀስ ብለው መቱት፣ ልክ እንደ ጥልፍ ማሽኑ፣ ቶሎ ቶሎ። ድምፁ ተቆራረጠ። እጃቸው ሲቆም ድምፁ ተመለሰ።

ሁለተኛው ደህና ነበር። ሦስተኛው ተቆራረጠ። ከአሥራ ሁለቱ አራቱ ተቆራረጡ። ጋሽ ሀብተአብ ወላጅ ይምጣ አላሉም።

“ከላይ አልበየድኳቸውም” አልኩ።

“የትኞቹን?”

“ከአንዱ በቀር ሁሉንም። ሶኬቱ እንዳይንጋደድ ብዬ ነው።”

“ቢንጋደድስ? ክዳን ስር ነው። ማን ያየዋል?”

“እኔ።”

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ። “እኔም አይቼው ነበር። ሶኬቱ እንዴት ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ እጇ ጥሩ ሆነ አልኩ። መጠየቅ ነበረብኝ።”

የተበየደ ሶኬት ሲነቀል መዳቡን ይዞ ስለሚነሳ ያንን ቦርድ ማዳን አይቻልም ነበር። አዲስ ቦርድ ቆረጡ።

ረቡዕ ከሰዓት አተምን፣ አጠብን። ሐሙስ ጠዋት ሁሉንም በሳሁ፤ ጫፍ አልሰበርኩም። ስልሳ ሦስት ሪቬት አስገባሁ። ጋሽ ሀብተአብ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ መዶሻውን አልያዙም። ወረንጦውን ሳላስቀምጥ እንዳነሳቸው ሪቬቶቹን በየራሳቸው ከንፈር አቁመው በወረቀት ላይ ይደረድሩልኝ ነበር። ሾጣጣው፣ ደንዳናው፣ ሾጣጣው፣ ደንዳናው። ከምሳ በኋላ በሁለቱም ፊት በየድኩ። ሶኬቱ ስር የሚውሉትን ጉብታዎች በጥፍር ሞረድ እስኪስተካከሉ ሞረድኳቸው። አርባ ደቂቃ ወሰደ። ሶኬቱ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ባለፈው ሳምንት ላደርገው የምችለው ነገር ነበር።

ከዚያ ሳንነካቸው ጠራናቸው፤ ቆንጣጩ መስመሩ ጫፍ ላይ፣ እጀታው ጠርዙ ላይ። ሃያ ዘጠነኛው ጠፋ። አሲዱ በልቶ የፈጠራት፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ መስመሩ ላይ ነበረች፤ ሪቬቱ ጥፋት አልነበረበትም። በሶልደር ዘጋኋት። እንደገና ከአንድ ጀመርን። ስንጨርስ ጎማ መሸጫው ሊዘጋ ነበር።

አርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጋሽ ሀብተአብ አብረውኝ መጡ። ደንበኛ ቤት ድረስ አብረውኝ ሲሄዱ ያ የመጀመሪያው ነው። ወይዘሮ ጽጌ ጋራዡን ከፍተው ጠበቁን። የሆቴሉ ዩኒፎርማቸው ታጥቦ፣ ተተኩሶ በር ጀርባ ተሰቅሏል።

“ለምን አወጣሽው?” አሉ ጋሽ ሀብተአብ።

“ካስፈለገ ብዬ።”

“እምነትሽ የት ሄደ?”

“እምነቴማ አለ። ቦርዳችሁን ነው ያላመንኩት።”

ገጠምኩት። ወይዘሮ ጽጌ አዲስ ቀሚስ ወጠሩ። ማሽኑ ተነሳ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሃያ አምስት አለፈ። በሠላሳ ስድስት ደቂቃ የመጀመሪያው ሐረግ ዞሮ ከተነሳበት ገጠመ። ጋሽ ሀብተአብ ሁለተኛ ይወጠር አሉ። ሦስተኛም። ማሽኑ ሲሞቅ የሚሆነውን ማየት ነበረብን። ምሳ የበላነው ከማሽኑ አጠገብ ቆመን ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ አምስተኛው ቀሚስ ወረደ። መርፌው አንድ ጊዜም አልሳተም።

“ወይዘሮ ጽጌ” አልኩ፣ “አምስት ቀሚስ ሳይቆም ሠርቷል። ያየሁት ይኼን ነው። ስለ ነገ ቃል መግባት አልችልም። ከቆመ ግን በዚያው ቀን እመጣለሁ።”

ቀሚሶቹን አንድ በአንድ ገልብጠው የጀርባውን ክር አዩ። ከዚያ ስልካቸውን አንስተው ወደ ጓሮ ወጡ። በመስኮቱ ሲያወሩ ይታዩናል፤ ድምፃቸው አይሰማም። አምስት ደቂቃ ያህል ቆዩ። ሲመለሱ ዩኒፎርሙን ከመስቀያው አውርደው እንደተተኮሰ አጣጠፉት።

“ስድስተኛውን ወጥሪልኝ፣ ሰብለዬ። እኔ ክሩን ልቀይር።”

ከዚያን ሳምንት በኋላ ሱቋ ውስጥ የተሠራ ቦርድ ሁሉ የሚፈተነው ሪቬቱ ላይ በመጫን ሳይሆን ቆንጣጩን መስመሩ ጫፍ ላይ በማስነከስና ቦርዱን በመምታት ነው። የተጫኑት ነገር ሁሉ ለጊዜው ይገናኛል። በዚህ ሙያ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይኼ ነው፤ የተማርኩትም በራሴ ስህተት ነው።

የቀሩት ቀሚሶች ለፋሲካ ደረሱ። አብራቸው ትሠራ የነበረች ሴት እንደነገረችኝ፣ ሆቴሉ ከዚያ አርብ ቀጥሎ በነበረው ሰኞ ጠዋት በወይዘሮ ጽጌ ቦታ ሌላ ሰው አስገባ።